አይሱዙው የተወው ቲማቲም

መንግሥት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮችን ሊገነባ ሲያቅድ በአገሪቱ 17 ቀጣናዎችን ለይቶ ለጅምር አራት መረጠ፦ ቡሬ፣ ይርጋለም፣ ባዕከርና ቡልቡላ። ካዝናው ውስን ነውና መምረጡ ተገቢ ነበር። መብራትና ውኃ ለ17 ቦታ ቢበተን ለአንዱም አይበቃም። ሆኖም ለአራት የተለያዩ ክልሎች አንድ አንድ መድረሱን ስናይ፣ ስሌቱ የኢኮኖሚ ብቻ ነበር ለማለት ይከብዳል።

ምርጫ ሲነሳ ስለተመረጠው ብዙ ይባላል። ለኢኮኖሚ የሚከብደው ግን የቀረው ዕጣ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ መረቡ ሰፊ ዓይን ካለው ጫጩቱ ቆሮሶ ያመልጣል፣ አድጎም ይራባል፤ የቀረው የነገ ሀብት ነው። ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ የተባለው ፀረ አረም ደግሞ ስንዴውን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል። ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ከወሰደው ግን ቲማቲሙም ሰፊ ቅጠል ነው፤ አይምረውም።

ከመቂ እስከ ቡልቡላ ባለው የመስኖ መሬት በለቀማ ቀን ዋናው መራጭ ቲማቲሙን በአይሱዙ የጭነት መኪና የሚያስጭነው ደላላ ነው። አዲስ አበባ እስኪደርስ በሳጥን ውስጥ እንዳይጨፈለቅ ጠንከር ያለውን፣ ገና መቅላት የጀመረውን ይወስዳል። በደንብ የቀላው ማሳው ላይ ይቀራል ወይም በርካሽ ይሄዳል። የቲማቲም ድልህ የሚሠራ ፋብሪካ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ የቀላውን ነው! በወረቀት ላይ የቡልቡላው ፓርክና አይሱዙው አይጣሉም፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳል።

ችግሩ ፋብሪካም መራጭ መሆኑ ነው። ውኃው ያነሰ፣ ሥጋው የበዛ ዝርያ ይሻል፤ ማሽኑ እንዳይቆምም ምርቱ ሳይቋረጥ እንዲመጣለት ይፈልጋል። የመርቲ ቲማቲም ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የራሱ እርሻ ስለነበረው የሚተክለውንም ራሱ ይወስን ነበር። ቡልቡላ ግን በአነስተኛ ገበሬዎችና ምርት በሚሰበስቡ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ላይ የተመሠረተ ነው። የትኩስ ገበያው ዋጋ ሲንር ገበሬው ለፋብሪካው ለምን ይሸጣል? አይሸጥም፤ ልንወቅሰውም አይገባም።

በእኔ ግምት ለባለሀብቶች ከሚሰጥ የግብር እፎይታ ይልቅ የሚያስፈልገው የሁለተኛ ደረጃ ምርት ዋጋ ችግኝ ከመተከሉ በፊት በውል መታወቁ ነው። ያ ካልሆነ ገበሬው ለአይሱዙው የሚመቸውን ዘር ይተክላል፣ ፋብሪካውም ውኃ የበዛበትን ቲማቲም ሲያተን ነዳጁን ይጨርሳል።