ለጨዋታና ለልማድ የሚኾን ጊዜ ከወዴት ይመጣል

አንዳንድ ሰው የአገሩ ጨዋታና ተረት ሲቀር ባየ ጊዜ፥ ልጆች ሰነፉ፥ የአባቶቻቸውን ልማድ ናቁ ይላል። ነገር ግን ሰው ለልማዱ የሚሰጠው ጊዜ በፈቃዱ ብቻ አይወሰንም፤ የሥራው ወራት፥ የበዓሉ አቈጣጠር፥ ገበያውና የቤቱ ሥራ ይወስኑታል። ይህም ከአንኮበር በታች በምትገኘው በአሊዩ አምባ ይታያል፤ በዚያ ክርስቲያንና እስላም፥ ዐማራና አርጎባ ባንድነት ይኖራሉና።

የመዠመሪያው ምክንያት እርሻ ነው። አራሹ በክረምት ሲያርስና ሲያርም ይውላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ያጭዳል፥ ይወቃል። እህሉ ከተከተተ በኋላ ግን እጁ ይፈታል። የገና ጨዋታ በታኅሣሥ መጨረሻ፥ ጥምቀትና ሰርግ በጥር መኾናቸው ከዚህ ጋራ ይስማማል። ከዚያ ወዲያ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሲገባ በክርስቲያኑ ዘንድ ሰርጉም ዘፈኑም ይቆማል።

ኹለተኛው የበዓል አቈጣጠር ነው። ገናና ጥምቀት በፀሐይ ዓመት ስለሚቈጠሩ ከወራታቸው አይናወጡም። የእስላም ዓመት ግን በጨረቃ ስለሚቈጠር 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ስለዚህ ረመዳንና መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ በ33 ዓመት ያህል ወራቱን ኹሉ ይዞራሉ። አባት መውሊድን ሥራ በቀለለበት በበጋ ያከበረ እንደ ኾነ፥ ልጁ በአጨዳ ወራት ያገኘዋል። እንግዲህ መንዙማ ሊያደምጥ የመጣው ሰው ቍጥሩ ቢያንስ፥ ሃይማኖቱ ቀዘቀዘ ተብሎ አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ገበያ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ በ1834 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ገበያው ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር፤ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴም በዚያ ያርፍ ነበር። ነጋዴ በሚያድርበት ቦታ ወሬና ጨዋታ አብሮ ያድራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች፥ ምድር ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ከደረሰባት በኋላ ግን የንግዱ መንገድ ዞረ፤ የእንግዳውም ማምሻ ቀነሰ። ይህ የሕዝቡ ስንፍና አልነበረም።

አራተኛውና ከባዱ የቤት ሥራ ነው። በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተደረገው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፥ ዋጋ በማይከፈልበት የቤት ሥራ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ብዙ ሰዓት እንደሚደክሙ አሳይቷል። ወንዱ ከእርሻ ተመልሶ እሳት ዳር ሲጫወት፥ ሴቲቱ ገና እንጀራ ትጋግራለች፤ ልጂቱም ውኃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ትሄዳለች። በበዓልም ቀን ድግሱ የሚደክመው በእርሷ ላይ ነው።

ስለዚህ መምህር ልጅ ከትምህርት ቤት ቢቀር ከመቅጣቱ አስቀድሞ ወራቱን ይመርምር፤ የተረትና የጨዋታም ሰዓት ሲመድብ አዝመራው ከገባ በኋላ ያድርገው። ሽማግሎችም ወንድ ልጅ ከእኅቱ ጋራ ውኃ እንዲቀዳ ቢያዝዙ፥ ለእርሷ ጊዜ ይተርፍላታል። ከአያቷ ተረት ለመስማት ግማሽ ሰዓት ያላገኘች ልጅ፥ ነገ እናት ስትኾን ለልጇ የምትነግረው አይኖራትምና።