ቺምፓንዚዎቹን በስም እናውቃቸዋለን፤ ገበሬዎቹንስ?

ቦሱን ያወቅኩት በሥራዬ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የቺምፓንዚን ፊት የሚለይ ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። በ14 ዓመት ውስጥ ከተቀረፀ 50 ሰዓት ገደማ ቪዲዮ 10 ሚሊዮን የፊት ምስል አውጥተው፣ 23 ቺምፓንዚዎችን አንድ በአንድ እንዲለይ አሠለጠኑት። ከ90 በመቶ በላይ ይሳካለታል። ያኔ የገረመኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ ቪዲዮው የት ነው የተቀረፀው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ቦሱ በደቡብ ምሥራቅ ጊኒ፣ ከላይቤሪያ ድንበር አጠገብ ያለች መንደር ናት። ቺምፓንዚዎቹ የሚኖሩት እኛ በፊልም እንደለመድነው ሰው ባልረገጠው ዱር አይደለም። ኮረብታ ላይ የተረፈች ቁራሽ ጫካ አለቻቸው፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ የካሳቫ ማሳ፣ የፓፓያ ዛፍ፣ የመኪና መንገድ ነው። የመንደሩ ሰዎች፣ ማኖኖች፣ የአያት ቅድመ አያቶቻችን ነፍስ ማደሪያ ናቸው ብለው ስለሚያምኑ አያድኗቸውም። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1976 ጀምሮ እዚያ ተቀምጠው ማጥናት የቻሉትም በዚሁ እምነት ጥላ ሥር ነው።

የተጻፈው ነገር እውነትም ያስደንቃል። የዘንባባ ፍሬ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በሌላ ድንጋይ ይሰብራሉ። መንገድ ሲሻገሩ ትልልቆቹ ወንዶች ከፊትና ከኋላ ሆነው ሌሎቹን መሀል ያደርጋሉ። ወንዶቹ ከሰው ጓሮ ፓፓያ ሰርቀው ለሴቶቹ ያካፍላሉ። ገበሬው ዛፍ ላይ ያንጠለጠለውን የዘንባባ ጠጅ ደግሞ ቅጠል አኝከው እንደ ስፖንጅ እየነከሩ ይጠጡታል። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጠጁ ግን ባለቤት አለው።

ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። አጎቴ ዘንድ ክረምት ሳሳልፍ፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘን ዝንጀሮ እንጠብቅ ነበር። ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ከተማ እመለሳለሁ። የአጎቴ ልጅ ግን እህሉ እስኪገባ ከማማው አይወርድም፤ ትምህርት ቤት የሚገባው ሁሌም ዘግይቶ ነው። የዚያን ሒሳብ ማን ይዞት ያውቃል?

በመስከረም 2024 ቦሱ ላይ የሆነው ግን ከበቆሎ በላይ ነው። አንዲት እናት የካሳቫ ማሳዋ ውስጥ እየሠራች ሳለ ቺምፓንዚ ሕፃኗን ነጥቆ ወሰደ። ሕፃኑ ሞቶ ተገኘ። የተቆጣው ሕዝብ የምርምር ማዕከሉን ወርሮ ኮምፒውተሮችን፣ ድሮኖችንና ከ200 በላይ ሰነዶችን አወደመ፣ አቃጠለ። ዜናውን ጓደኛዬ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፈው። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ምን ነበር? «ባክአፕ ነበራቸው ይሆን?»

መልእክቱን አጠፋሁት፤ ሁለት ሰው ግን አይቶታል።

በ2003 መጨረሻ በዚያው ጫካ የመተንፈሻ አካል በሽታ ገብቶ 5 ቺምፓንዚዎች ሞተው ነበር። ጂሬ የተባለችው እናት የሞተ ልጇን 68 ቀን ተሸክማ መዞሯ ተቀርጿል፣ በሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ስሟን እንዳያችሁት እኔም አውቀዋለሁ። የካሳቫ ማሳዋ እናት ግን ለአብዛኞቻችን የአንድ ቀን ዜና ናት።

ቺምፓንዚዎቹን ጥሉ እያልኩ አይደለም። ድሮ ሃያ ገደማ የነበሩት ዛሬ ጥቂት ብቻ ቀርተዋል። ከውጭ የምትመጣ ሴት ስለሌለች ቡድኑ ራሱን መተካት አልቻለም። ከኒምባ ተራራ ጫካ ጋር ለማገናኘት ከ1997 ጀምሮ ዛፍ እየተተከለ ነው፤ መሀል ያለው የሣር ሜዳ ግን እሳት ይነሳበታል፣ ችግኝ ደግሞ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ጥያቄዬ እስከዚያው ያለውን ወጪ ማን ይሸፈን የሚለው ነው። ለሰርቨር በጀት የሚይዝ ፕሮጀክት ለተበላ ካሳቫና ደሞዝ ለሚከፈለው የማሳ ጠባቂ የማይይዝበት ምክንያት አይታየኝም። ካሳ ብቻውን አይበቃም፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ያጨቃጭቃል፣ ሕፃን አይመልስም። ጠባቂ ግን እናትየዋ ብቻዋን እንዳትሆን ያደርጋል።

ሰሞኑን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ነገር እየሞከርን ነው። ካሜራው ፊት መለየት ከቻለ፣ ቺምፓንዚ ወደ ማሳ ሲጠጋ በአካባቢው ላሉ ሰዎች ስልክ መደወል አያቅተውም ብለን ነው። ለጊዜው የሙዝ ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ሁሉ ይደውላል።