የአውራ አምባ ገበሬዎች ለምን ሸማኔ ሆኑ?

በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ የምትገኘው አውራ አምባ ዝናዋ ከአገር ውጭ ሳይቀር የተሰማው ወንዶቿ እንጀራ ስለሚጋግሩ፣ ሴቶቿም እርፍ ስለሚጨብጡ ነው። ጎብኚን የሚያስገርመውም ይኸው ነው። የመንደሯን ኑሮ ይበልጥ የሚያስረዳው ግን የመሬቷ ጥበት ነው።

አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር መንደሯን ሲመሠርቱ መተዳደሪያቸው እርሻ ነበር። ሴትና ወንድን እኩል ማድረጋቸው፣ በፈጣሪ እያመኑም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አለመሥራታቸው ከአካባቢው ሰው ጋር አቃቃራቸው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ በፖለቲካ ተጠርጥረው ወደ ቦንጋ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም ሲመለሱ አብዛኛው ይዞታቸው በሌሎች እጅ ገብቶ ጠበቃቸው፤ የቀራቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ በመቶዎች ለሚቆጠር ሰው ቀለብ አይሆንም።

ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ሽመና አዞሩ። ሸማኔን “ቁጢት በጣሽ” እያለ ሲሰድብ በኖረ ማኅበረሰብ መካከል ይህ ቀላል ምርጫ አልነበረም። በሌላው አካባቢ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው። በአውራ አምባ ግን ሴቶችም ይሸምናሉ፣ ወንዶችም ይፈትላሉ። ከውጭ እንደ እንግዳ ነገር የሚታየው እኩልነት እዚህ ላይ እንጀራ ሆነ፤ ሥራ የሚፈታ እጅ የለምና።

ከሽመናው ቀጥሎ የእህል ወፍጮና ሱቅ ተከፈተ። ቀድሞ ይሸሿቸው የነበሩ ጎረቤቶችም እህላቸውን ጭነው ለማስፈጨት ወደ መንደሯ መምጣት ጀመሩ።