በአውሮፕላን ጭነት ላይ እሳት እንዳይነሣ መከላከል፡ ተጓዦችና ዕቃ ላኪዎች ማወቅ የሚገባቸው

በመኖሪያ ቤት ወይም በተሽከርካሪ ውስጥ እሳት ሲነሣ በቅድሚያ ሰዎች እንዲወጡ ይደረጋል፤ ቀጥሎም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይጠራሉ። በበረራ ላይ ባለ አውሮፕላን ግን ሁለቱም አማራጮች የሉም። ወጥቶ መሸሽ አይቻልም፤ ከውጭ የሚደርስ ርዳታም የለም። እሳቱ የተነሣው ከመንገደኞች ወለል በታች ባለው የጭነት ክፍል ውስጥ ከሆነ ደግሞ የበረራ ሠራተኞች በአብዛኛው ወደ ስፍራው መድረስ አይችሉም። በመሆኑም ለእሳት መንሥኤ የሚሆን ዕቃ ሳይታወቅ ወደ አውሮፕላን እንዳይገባ ማድረግ ዋነኛው የመከላከል ሥራ ነው።

ይህ ኃላፊነት የአየር መንገዶች፣ የአየር ማረፊያ ፈታሾችና የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ሲታሰብ ይስተዋላል። ነገር ግን በሻንጣው ወይም በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ያሸገው ሰው ነው። የፍተሻ መሣሪያ የዕቃውን ቅርጽ ሊያሳይ ይችላል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምን እንደሆነ ወይም ባትሪው ቀደም ሲል ወድቆ የተጎዳ ስለመሆኑ ግን ሁልጊዜ አይናገርም። ይህ ጽሑፍ አደገኛ ጭነት እንዴት ለእሳት ምክንያት እንደሚሆን፣ ተገልጋዮችም ከጉዞ ወይም ዕቃ ከመላክ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያብራራል።

በሰነድ ላይ የሰፈረ አንድ የተሳሳተ ቃል

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1996 ቫሉጄት የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ ዲሲ-9 አውሮፕላን ከማያሚ ወደ አትላንታ ለመብረር ተነሣ። አሥር ደቂቃ ገደማ እንደበረረም ፍሎሪዳ ውስጥ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረጋማ ስፍራ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት 110 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸውን አጡ።

ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እሳቱ የተነሣው በፊተኛው የጭነት ክፍል ከተጫኑ የኬሚካል ኦክስጅን አመንጪዎች መሆኑን ገልጿል። እነዚህ መሣሪያዎች በአደጋ ጊዜ ለመንገደኞች መተንፈሻ ጭንብል ኦክስጅን የሚሰጡ ትናንሽ ጣሳዎች ሲሆኑ፣ በጥገና ላይ ከነበሩ ሌሎች አውሮፕላኖች የተፈቱ ነበሩ። ሥራ ሲጀምሩ በውስጣቸው በሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ ምክንያት የውጭ አካላቸው ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል። የሚያመነጩት ኦክስጅን ደግሞ የተነሣውን እሳት ያፋፍማል።

ጣሳዎቹ በካርቶን ሲታሸጉ በድንገት ሥራ እንዳይጀምሩ የሚያግደው የፕላስቲክ ክዳን አልተገጠመላቸውም። ይህም ሆኖ በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ «ባዶ» ተብለው ተመዘገቡ። ጭነቱን የተረከቡት ሠራተኞችም ተቀብለው ጫኑት። በአጠገባቸው የተጫኑት የአውሮፕላን ጎማዎች ለእሳቱ ተጨማሪ ማገዶ ሆኑ።

የጭነት ክፍሉ በወቅቱ በነበረው ደንብ መሠረት ጭስ የሚጠቁም መሣሪያም ሆነ እሳት የሚያጠፋ ሥርዓት አልነበረውም። አየር እንዳይገባበት በታሸገ ክፍል ውስጥ የሚነሣ እሳት ኦክስጅን ሲያጣ በራሱ ይጠፋል ተብሎ ይታመን ነበር። የተጫነው ዕቃ ራሱ ኦክስጅን የሚያመነጭ ሲሆን ግን ይህ እምነት አልሠራም። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ደንብ የመንገደኛ አውሮፕላኖች መሰል የጭነት ክፍሎች እስከ 2001 ድረስ የጭስ መጠቆሚያና የእሳት ማጥፊያ እንዲገጠምላቸው አስገደደ።

የሊቲየም ባትሪ እሳት ልዩ ባሕርይ

ዛሬ ከፍተኛ ትኩረት የሚሰጠው ዕቃ በእያንዳንዳችን ኪስና ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው የሊቲየም ባትሪ ነው። የሞባይል ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ፓወር ባንክ፣ ካሜራና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስኩተር ሁሉም በዚህ ባትሪ ይሠራሉ። ባትሪው በጥቂት ቦታ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ጥቅሙም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ባትሪው በአሠራር ጉድለት፣ በመውደቅ፣ በመጨፍለቅ ወይም ጫፎቹ ከብረት ጋር በመነካካታቸው ውስጡ ሲግል፣ ግለቱ ሌላ ኬሚካላዊ ለውጥ ያስነሣል። ይህም ለውጥ ተጨማሪ ግለት ይፈጥራል። ሂደቱ አንዴ ከተጀመረ ራሱን በራሱ እያባባሰ ይሄዳል፤ ተቀጣጣይ ጋዝም ይለቀቃል። የአንዱ ባትሪ ሙቀት ወደ ጎረቤቱ ስለሚተላለፍ በአንድ ካርቶን የታሸጉ ባትሪዎች ተራ በተራ ሊቀጣጠሉ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 የዩፒኤስ ኩባንያ ቦይንግ 747-400 የጭነት አውሮፕላን ከዱባይ ወደ ጀርመን ኮሎኝ ሲበር የደረሰው አደጋ ይህን በግልጽ አሳይቷል። የእሳት ማንቂያው ከተሰማ በኋላ አብራሪዎቹ ወደ ዱባይ ለመመለስ ቢሞክሩም ጭሱ ክፍላቸውን ስለሞላው የበረራ መሣሪያዎቻቸውን ማየት አልቻሉም። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሁለቱም አብራሪዎች ሕይወታቸው አልፏል። በጭነቱ ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያላቸው የሊቲየም ባትሪዎች ነበሩ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ባደረገው ምርመራ፣ ቢያንስ ሦስቱ ጭነቶች በአደገኛ ዕቃነት መመዝገብ የሚገባቸው ባትሪዎችን የያዙ ሆነው ሳለ፣ በአውሮፕላኑ ላይ አደገኛ ተብሎ የተመዘገበ አንድም ጭነት እንዳልነበረ ታውቋል።

በመንገደኛ አውሮፕላን የጭነት ክፍል የሚገኘው የእሳት ማጥፊያ በአብዛኛው ሃሎን የተባለ ጋዝ ነው። ሃሎን ነበልባልን ያፍናል፤ የባትሪውን የውስጥ ግለት ግን አያበርድም። በመሆኑም ነበልባሉ የጠፋ ቢመስልም ግለቱ ከባትሪ ወደ ባትሪ መተላለፉን ሊቀጥል ይችላል። በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለብቻቸው የታሸጉ የሊቲየም-አዮን ባትሪዎች በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይጓዙ ከልክሏል። በጭነት አውሮፕላን ሲላኩም የኃይል ሙላታቸው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል።

የአንዲት ትንሽ ባትሪ ጉዳት እስከምን ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ክስተት እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ ታይቷል። ቆሞ በነበረና ሰው ባልተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ላይ እሳት ተነሥቶ የኋለኛው ክፍል ጣሪያ ተጎዳ። የብሪታኒያ የአየር አደጋ መርማሪዎች መንሥኤው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያ መሣሪያው የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ደምድመዋል። ባትሪው ጭነት ሳይሆን የአውሮፕላኑ ዕቃ አካል ነበር፤ በሰው ላይም ጉዳት አልደረሰም። ይሁንና ተመሳሳይ ባሕርይ ያለው ባትሪ በየሻንጣችን እንዳለ ያስታውሰናል።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ የሚያዘው ለምንድን ነው?

ብዙ ተጓዦች «አደገኛ ከሆነ ለምን ከእኛ ጋር እንዲሆን ይደረጋል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ የመድረስ ጉዳይ ነው። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ የሚጨስ ባትሪ ወዲያውኑ ይታያል፤ የሠለጠኑ የበረራ አስተናጋጆችም እሳቱን አጥፍተው ባትሪውን በውኃ ማቀዝቀዝ ይችላሉ። በጭነት ክፍል ውስጥ ባለ ሻንጣ ላይ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም።

ስለሆነም ፓወር ባንክ፣ መለዋወጫ ባትሪና የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ በሚረከብ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። የእጅ ሻንጣዎ በአውሮፕላኑ በር ላይ ወደ ጭነት ክፍል እንዲገባ ከተጠየቁ እነዚህን ዕቃዎች አውጥተው ይያዙ።

የባትሪው መጠን በዋት-አወር ይለካል። እስከ 100 ዋት-አወር የሆነ ባትሪ በአጠቃላይ ይፈቀዳል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ መለዋወጫም ከሆነ ከሁለት አይበልጥም። ከ160 በላይ የሆነ መለዋወጫ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ ለተጓዥ የተከለከለ ነው። መጠኑ ካልተጻፈበት የሚሊአምፒር-አወሩን ቁጥር ለ1,000 አካፍለው በቮልቱ ያባዙ። ለምሳሌ 20,000 ሚሊአምፒር-አወርና 3.7 ቮልት የሆነ ፓወር ባንክ 74 ዋት-አወር ስለሆነ ይፈቀዳል፤ 30,000 የሆነው ግን 111 ስለሚሆን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

በሻንጣ ውስጥ ሳይታሰቡ የሚገቡ ሌሎች ዕቃዎች

አደገኛ ዕቃ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ፈንጂና ቤንዚን ነው። ዓለም አቀፉ አመዳደብ ግን ዘጠኝ ክፍሎች ያሉት ሲሆን በቤታችን የምንጠቀምባቸውን በርካታ ዕቃዎችም ያካትታል። ከአገራችን ተጓዦች ልማድ አንጻር የሚከተሉትን ልብ ማለት ይገባል፦

1. ከሰል። ለቡና ማፍያ ተብሎ የሚያዝ ከሰል በራሱ ሊግልና ሊቀጣጠል ከሚችሉ ዕቃዎች ይመደባል፤ በሻንጣ አይወሰድም። ጀበናውንና ስኒውን ይዞ ከሰሉን በሚደርሱበት አገር መግዛት ይመረጣል።

2. አረቄና ሌሎች የአልኮል መጠጦች። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በፋብሪካ እንደታሸገ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነው የተከለከለ ነው። በቤት ወጥቶ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቀዳ አረቄ የአልኮል መጠኑም ስለማይታወቅ፣ በፋብሪካ የታሸገም ስላልሆነ ይህን መስፈርት አያሟላም።

3. ሽቶና የሚረጩ የመዋቢያ ዕቃዎች። እያንዳንዱ ዕቃ ከግማሽ ሊትር፣ በድምሩ ደግሞ ከ2 ሊትር መብለጥ የለበትም። በእጅ ሻንጣ ለሚያዝ ፈሳሽ የጸጥታ ደንቡ ከዚህ ያነሰ መጠን እንደሚደነግግ አይዘንጋ።

4. የቡታጋዝ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣና ርችት። እነዚህ በማናቸውም ሻንጣ አይፈቀዱም። ነዳጅ የነበረበት ሞተር ወይም ጄኔሬተር ካለ አስቀድሞ አየር መንገዱን ማማከር ግዴታ ነው።

5. ክብሪትና ላይተር። አንድ ትንሽ ላይተር ወይም አንድ ፓኬት ክብሪት በኪስ ብቻ ይያዛል፤ በሻንጣ ውስጥ አይገባም። አንዳንድ አገሮች ይህንንም ይከለክላሉ።

የአደራ ዕቃን በተመለከተ

ከዱባይ፣ ከጅዳ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ ከተማ ወደ አገር ቤት ሲመጡ፣ ከአገር ቤትም ወደዚያው ሲሄዱ፣ የዘመድና የወዳጅ ዕቃ በአደራ ማድረስ የቆየ ባህላችን ነው። ይሁን እንጂ ዕቃውን በስምዎ ያስረከቡት እርስዎ ስለሆኑ ተጠያቂነቱም የእርስዎ ነው። የታሸገን ካርቶን ሳይከፍቱ አይቀበሉ። በፊትዎ ተከፍቶ ይዘቱን አይተው፣ ባትሪ ወይም ፈሳሽ ካለ ጠይቀው ይረከቡ። ላኪው ዕቃው እንዲከፈት ፈቃደኛ ካልሆነ አለመቀበል ነውር አይደለም፤ አብረውዎ ለሚሳፈሩት ሁሉ ማሰብ ነው።

በጭነት አገልግሎት ዕቃ ለሚልኩ

ለንግድም ሆነ ለግል ዕቃ የሚልክ ሰው በኤር ዌይ ቢሉ ላይ የዕቃውን ትክክለኛ ስም ማስፈር አለበት። «የግል ዕቃ»፣ «መለዋወጫ» ወይም «ልዩ ልዩ» የሚሉ ጥቅል ቃላት ተቀባዩ ሠራተኛ አደጋውን እንዳያውቅ ያደርጋሉ። ዕቃው አደገኛ ከሆነ የተባበሩት መንግሥታት መለያ ቁጥሩ፣ የላኪ መግለጫ ሰነዱ፣ ለዓይነቱ የተፈቀደው ማሸጊያና የአደጋ ምልክቱ መሟላት ይኖርባቸዋል። ማሸግና ሰነድ ማዘጋጀት የሚገባውም በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ኬሚካል ከሆነ አምራቹ ያወጣውን የደኅንነት መረጃ ሰነድ ለጭነት ወኪሉ ያቅርቡ።

ያበጠ፣ የፈሰሰ ወይም በብልሽት ምክንያት አምራቹ ከገበያ የሰበሰበው ባትሪ፣ እንዲሁም ይህን ባትሪ የያዘ ስልክና ላፕቶፕ በአየር አይላክም። ያገለገሉ ስልኮችን ሰብስበው የሚልኩ ነጋዴዎች እያንዳንዱን መመርመር ይኖርባቸዋል።

በበረራ ላይ ችግር ቢያጋጥም

ስልክዎ ወይም ፓወር ባንክዎ ከመጠን በላይ ከጋለ፣ ካበጠ ወይም ከጨሰ ወዲያውኑ ለበረራ አስተናጋጅ ያሳውቁ። ይደብቁት ወይም በቦርሳ ይክተቱት አይባልም፤ እንዲታይ መደረግ አለበት። ስልክዎ በመቀመጫው ክፍተት ውስጥ ከገባ መቀመጫውን ሳያንቀሳቅሱ ሠራተኛ ይጥሩ፤ መቀመጫው ባትሪውን ሊጨፈልቀው ይችላልና።

በአገራችን ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ዓለም አቀፍ መነሻዎች ሲሆኑ አየር መንገዶችና መዳረሻ አገሮች ጠበቅ ያለ ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ከጉዞዎ በፊት የሚሳፈሩበትን አየር መንገድ ይጠይቁ። ስለ አንድ ዕቃ ከተጠራጠሩ ሻንጣውን ከማስረከብዎ በፊት ይናገሩ፤ በዚያን ጊዜ ዕቃውን ማውጣት ወይም ማስተካከል ይቻላል። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ግን ይህ ዕድል የለም።