ቀለሙ ሳይጠረግ
እንዴት ይሠራል? የፔይንትቦል ዳኝነትና ነጥብ አያያዝ

ቡድኖች ቀለም የያዙ ኳሶች በሚተኳኮሱበት በፔይንትቦል ጨዋታ ተኳሹ «መታሁት!» ብሎ ቢምል ቢገዘት ዋጋ የለውም። ኳሷ ተጫዋቹ ላይ ፈንድታ ቀለም መተው አለባት። ነጥራ ከወደቀች አልተመታም፤ ምሽጉ ላይ ፈንድታ ብትረጨውም አይቆጠርም። በብዙ የአሜሪካ ሜዳዎች ምልክቱ ቢያንስ ኳርተር የሚሉትን ሳንቲም፣ ማለትም 24 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማከል አለበት። ችግሩ ይህ ማስረጃ በእጅጌ አንድ ጊዜ ሲታሽ ይጠፋል። ማስረጃውን የያዘው ደግሞ ተከሳሹ ራሱ ነው።

ዳኝነቱ ከፉጨቱ በፊት ይጀምራል። ኳሷ በጄላቲን የተሸፈነ፣ በውኃ የሚታጠብ ቀለም ናት፤ ስፋቷ 17 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ፍጥነት መለኪያው ፊት ተኩሶ ያሳያል። የተለመደው ጣሪያ በሴኮንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ ሰው ይጎዳል። በጣም ካነሰ ደግሞ ከሩቅ የመጣች ኳስ ልብስ ላይ ሳትፈነዳ እየነጠረች ጭቅጭቅ ታበዛለች። ሜዳ ውስጥ የፊት ጭንብል አይወልቅም፤ ዳኛውም ያጠልቃል፣ ኳሷ እሱን አትለይማ።

ዳኞቹ በሜዳው ተከፋፍለው ይቆማሉ። ጀርባውን ማየት የማይችል ተጫዋች «እዩኝ» ብሎ ይጣራል፤ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ሮጦ ይደርሳል። የተመታ ከሆነ ያስወጣዋል። ካልሆነ ፍንጣሪውን በጨርቅ ይጠርግለታል፣ አለዚያ ቆይቶ ሌላ ዳኛ ያንኑ ቆሻሻ አይቶ ያስወጣዋል። የወጣ ሰው መሣሪያውን ከፍ አድርጎ ወደ ማቆያው ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ለጓዶቹ «በግራ በኩል ሁለት አሉ» ማለት ክልክል ነው።

አሁን የተመታበትን ቀለም በእጅጌው ወደሚጠርገው ተጫዋች እንመለስ። ቅጣቱ ከሜዳ መውጣት ብቻ ቢሆን መጥረግ ያዋጣ ነበር፦ ካልተያዘ ይቀጥላል፣ ከተያዘም ያው መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ዋጋው መናር ነበረበት። በአሜሪካ ሊጎች ለረጅም ጊዜ የቆየው ቅጣት ጠራጊው ሲወጣ ሦስት ጓዶቹን አብሮ ያስወጣ ነበር። አምስት ለአምስት በሚደረግ ግጥሚያ አንድ ሰው ብቻ ቀረ ማለት ነው። መመታቱን ሳይናገር መጫወት የቀጠለ ደግሞ አንድ ጓዱን ይዞ ይወጣ ነበር። እንደ እኔ ከስፖርቱ ሕጎች ሁሉ ብልሁ ይህ ጓድን አብሮ የማስወጣት ሕግ ነው። ዳኛው ሁሉን ማየት ስለማይችል ተቆጣጣሪነቱን ለጓዶቹ አካፈለው፤ አንድ ጊዜ በእሱ ጥፋት የተባረሩ ሦስት ሰዎች ሁለተኛ እንዲጠርግ አይፈቅዱለትም።

ነጥቡስ? ሰው መምታት ዋናው አይደለም። በ1981 በኒው ሃምፕሸር፣ ሄኒከር አጠገብ ባለ ጫካ በተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ ከ12ቱ ተወዳዳሪዎች ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የተባለ የደን ባለሙያ አንድም ጥይት ሳይተኩስ በጫካው የነበሩትን ባንዲራዎች ሰብስቦ ነው። በድሮው የሊግ አቆጣጠርም አንድ ጨዋታ እስከ 100 ነጥብ ያስገኝ ነበር፦ ለተመታ ባላጋራ ትንሽ፣ ለተረፈ ጓድ ትንሽ፣ ባንዲራውን ቀድሞ ላነሳ ሌላ፣ ወስዶ ለሰቀለ ትልቁ ድርሻ። ዳኞቹ ከጨዋታው በኋላ ቆሞ የቀረውን ይቆጥሩ፣ ዋና ዳኛው ይደምር፣ የቡድን መሪዎች ወረቀቱ ላይ ይፈርሙ ነበር። ሒሳቡ ራሱ የክርክር ምንጭ ነበር።

አሁን የሚዘወተረው ቀለል ብሏል። የባላጋራውን ጣቢያ ደርሶ እዚያ ያለውን ደወል የነካ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ሰዓቱ ሳያልቅ ቀድሞ ለምሳሌ አራት የሞላ ያሸንፋል። ስንት ሰው ተረፈ የሚለውን መመዝገብ ቀረ። በአነስተኛ የአማተር ውድድሮች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚዳኙት ተራቸውን የሚጠብቁ የሌላ ቡድን ተጫዋቾች ናቸውና፣ ዛሬ ጠዋት የዳኙትን ቡድን ከሰዓት ሊገጥሙት ይችላሉ። የሚመዘግቡት ባነሰ ቁጥር የሚጠረጠሩበትም ያንሳል።

ደወሉ ቢጮህም ነጥቡ ወዲያው አይጻፍም። ዳኛው የነካውን ተጫዋች አዙሮ ጀርባውን፣ የኳስ መያዣ ቀበቶውን፣ የጫማውን ተረከዝ ሳይቀር ያየዋል። ከደወሉ በፊት የተመታበት ቀለም ከተገኘ ነጥቡ አይቆጠርም፣ ቅጣትም ይከተላል።