ቁስሉ ከታች፣ መንስኤው ከላይ

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ርቃ የምትገኘው አንኮበር ዳገትና ቁልቁለት አያልቅባትም። በስሟ የተሰየመው የአንኮበር ሬት ከገደሏ ላይ ተንጠልጥሎ ይበቅላል። በባህል መድኃኒትም አገሩ ሀብታም ነው፤ እነ ኤርሚያስ ሉለካል እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ለሰው ሕመም የሚውሉ 135 ዓይነት ዕፅዋት በዚህ ወረዳ መዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል ለቁስል የሚሆኑትም አይታጡም።

አንድ የቁስል ዓይነት ግን ቅጠልም፣ ቅባትም፣ ከፋርማሲ የተገዛ አንቲባዮቲክም አይመልሰውም። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብሎ ይወጣል። ጥልቀት የለውም፤ ሰፊና እርጥብ ነው። ዙሪያው ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይደድራል፣ ያሳክካል። ሻረ ሲሉት ያገረሻል፤ ለዓመታት ሲያስታምሙት የሚኖሩም አሉ።

ነገሩ ከደም ዝውውር ይጀምራል። ወደ እግር የወረደው ደም ሽቅብ ወደ ልብ መመለስ አለበት፤ በዋናነት የሚገፋውም የባት ጡንቻ ነው። ሰው በተራመደ ቁጥር ጡንቻው ደም መላሽ ሥሮችን ይጨምቃል፤ በውስጣቸው ያሉት ቫልቮች ደግሞ የወጣው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ የደም መላሹ ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል። ጤነኛ ሰው መራመድ ሲጀምር ከ30 በታች ይወርዳል። ቫልቮቹ ከላሉ ግን ቢራመድም ግፊቱ እንደሚገባው አይቀንስም። ሥሮቹ ይወጠራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ከቆዳ በታች ተገትረው ይታያሉ። ቆዳው ውስጥ ፈሳሽና የደም ብረት ይጠራቀማል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጭረት ትበቃለች። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ መምህራን፣ ፀጉር አስተካካዮችና እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ደጋግመው የወለዱ እናቶች፣ በቤተሰባቸው ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ስለዚህ ቁስሉን ብቻ ማከም ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደ መጥረግ ነው፤ ጣሪያውን መጠገን የቀዶ ሕክምና ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ሲመጣ ሐኪም አስከትሎ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም የትኛውም ሆስፒታል ቢሆን ሰውን በኤተር አስተኝቶ መቅደድ ገና አልተለመደም፤ አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ የታመመውን ትልቁን የቆዳ ሥር ጭን ላይ ስለ መቋጠር የጻፈው በ1891 ነው። በ1907 ደግሞ አሜሪካዊው ባብኮክ ሥሩን በሽቦ ነቅሎ የማውጣትን ዘዴ አስተዋወቀ፤ ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

ታካሚው መጀመሪያ ቆሞ ይመረመራል። ሲተኛ ሥሮቹ ስለሚከስሙ፣ ሐኪሙ ታካሚው ቆሞ ሳለ በማይለቅ እስክሪብቶ እግሩ ላይ መስመር ያሰምራል። ከወገብ በታች ካደነዘዘ በኋላ ብሽሽት አጠገብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይከፍታል፤ የላይኛው ሥር ከጥልቁ ደም መላሽ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ፈልጎ ይቋጥረዋል፤ ይቆርጠዋል። ከዚያ ቀጭን ሽቦ በሥሩ ውስጥ እስከ ጉልበት ግርጌ አስገብቶ ሥሩን ይስበዋል። ከዚያ በታች የማይወርደው የቆዳ ስሜት ነርቭ ሥሩን ተጠግቶ ስለሚያልፍ ነው። የቀሩት የተጠማዘዙ ሥሮች በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች በመንጠቆ ይወጣሉ። ታካሚው እግሩ በሚለጠጥ ፋሻ ተጠቅልሎ በዚያው ቀን እንዲራመድ ይበረታታል። አዲሱ ዘዴ ሥሩን መንቀሉን ትቶ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ ይዘጋዋል፤ በአልትራሳውንድ እየተመሩ የሚሠራ በመሆኑ ግን መሣሪያውም ባለሙያውም እንደ ልብ አይገኝም።

ቢላዋ ቁስሉን ወዲያው ያድናል ብሎ የሚጠብቅ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ፣ በብሪታንያ በ500 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በፋሻ ብቻ የታከሙትና ከፋሻው ጋር ቀዶ ሕክምና ያገኙት ቁስላቸው የዳነው በተመሳሳይ መጠን ነው። ልዩነቱ የታየው በዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 28 በመቶ ሲያገረሽባቸው፣ ሥሩን የተቆረጡት 12 በመቶ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሥሩን ከውስጥ የሚዘጋውን ሕክምና ቀደም ብለው ካገኙት የግማሾቹ ቁስል በ56 ቀን ሲደርቅ፣ ከዘገየባቸው ለግማሾቹ 82 ቀን ፈጅቷል። እንግዲህ ፋሻው ያድናል፣ ቀዶው እንዳይመለስ ይጠብቃል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በደጋው ኢትዮጵያ ግን ያበጠ እግር ሁሉ የደም ሥር አይደለም። እንዲያውም እዚህ ይበልጥ የሚታወቀው ዝሆኔ ነው። በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የኖረ ሰው ላይ የሚወጣውን ይህን ሕመም በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ለይቶ ስም ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ዝሆኔ ከጣቶችና ከእግር መዳፍ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ የደም ሥሩ ቁስል ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ፣ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ብቻ በዝሆኔ ላይ ትኩሳትና እብጠት ይዞ የሚመጣውን አጣዳፊ ጥቃት ይቀንሳሉ። እዚያ ቢላዋ የሚያስፈልገው ለትላልቅ እባጮች ነው፤ ጫማ ካልተከተለውም ተመልሶ ይመጣል።

ሦስተኛው የእግር ችግር፣ የደም ቅዳ ሲጠብ የሚመጣው፣ አደገኛ ነው። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ በላዩ ላይ የደም ቅዳው ምት ካልተገኘ፣ ፋሻ ማጥበቅ እግሩን ያሳጣል። ይህን ለመለየት በቁርጭምጭሚትና በክንድ የተለካ የደም ግፊት ይበቃል። ዛሬ ለእንዲህ ያለው ምርመራ የአንኮበር ሰው የሚቀርበው ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ ያለው የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ካምፓስ የተሰየመው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ፈር ቀዳጅ በሆኑት በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነው።

ቁርጭምጭሚት ላይ ከወጣ አንድ ወር የሞላው ቁስል ያለበት ሰው ቅባት ከመቀያየር በፊት ይመርመር፤ ሥሩ ይታይ፣ ምቱም ይለካ። ከዳነ በኋላም የሚያጠብቀውን ካልሲ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሳ ማጥለቁን አይተው።