ከበሮው ዕቃ ቤት ሲገባ

ጠጋ በሉማ። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮው ዕቃ ቤት ይገባል። ጸናጽሉም ይቀመጣል። እልልታው፣ ጭብጨባው ይቆማል። ምእመኑ ታዲያ «በጾም ማኅሌቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሊቃውንቱም ትንሽ ያርፋሉ» ብሎ ያስባል። ያርፋሉ? እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ቤት ውስጥ የሚባለውን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጾሙ ሲቃረብ ማን ማን እንደሚጨንቀው፣ ማን ማታ ማታ የጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓውን፣ እንደሚከልስ አውቃለሁ። ስም ግን አልጠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበዓል ቀን ዜማው ደረጃ በደረጃ እየሞቀ ይሄዳል። መጀመሪያ ቁም ዜማው ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል። ቀጥሎ መረግዱ፣ ጽፋቱ እየተባለ ከበሮና ጸናጽሉ ያደምቁታል። እዚያ ላይ አንዱ ድምፁ ቢሰበር፣ አንዲት ቃል ብትጠፋው ማን ያውቅበታል? ከበሮው ይሸፍንለታል። በጾም ግን መንገዱ ዝማሜው ላይ ያበቃል። የሚቀረው ድምፅ፣ እስትንፋስና መቋሚያ ብቻ ነው። ያለ ቦታዋ የገባች አንዲት ርክርክ ቅኔ ማኅሌቱን ሙሉ ትሰማለች። ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት ያኔ ነው። ማን ድጓውን እንደዘለቀው፣ ማን ከሰው ጋር እየተከተለ እንደኖረ በጾም ይለያል።

ይህ ገና መጀመሪያው ነው። መጽሐፉን እንግለጠው።

ጾመ ድጓን ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከቃሉ በላይ ደቃቅ ምልክቶች ተደርድረዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ። ሊቃውንቱ የጌታን ሕማም ያዩባቸዋል፤ ጭረቱ የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርኩ የደሙ ነጠብጣብ ነው። ከእነርሱ ጋር ደግሞ ትንንሽ ፊደላት አሉ። ታዲያ ምልክቶቹን ያጠና ሰው ከመጽሐፉ እያየ ማዜም ይችላል? በፍጹም! ፊደላቱ ቀድሞ በቃል የተያዘ የሌላ ዜማ ምህጻር ናቸው። «ይህን እንደዚያኛው በለው» ይላሉ እንጂ «ያኛው» እንዴት እንደሚባል አይነግሩም። እሱ ያለው በመምህሩ አፍና በተማሪው ጆሮ መካከል ነው። ትውፊቱ እነዚህን ፊደላት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አዘጋጇቸው ይላል። ቅዱስ ያሬድ የኖረው በ6ኛው ነው። በመካከሉ ያለውን ዘመን ዜማው በምን እንደተሻገረ አስቡት። በቃል!

የዜማ ቤት ተማሪም ከትልቁ ድጓ በፊት የሚቀጽለው ይህንኑ ጾመ ድጓ ነው። ልጅነቱን የሚያሳልፍበት ዜማ ካደገ በኋላ ይፈትነዋል።

አሁን ደግሞ ድምፄን ልቀንስ፤ ይህቺኛዋ ጎራ የምታስለይ ናት።

የድጓ ዜማ ቤቱ አንድ ብቻ አይደለም። ቤተ ልሔም አለ፣ ቆማ አለ፣ አጫብር አለ። ደቡብ ጎንደር ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ስለሆነች የእርሷ ዜማ በብዙ ደብር ይሰማል። ጆሮው የሠለጠነ ሰው አንድ ሐረግ ሰምቶ «ይሄ የቆማ ልጅ ነው» ይላል። የተለያየ ቤት ልጆች አንድ ደብር ላይ ሲገናኙስ? በበዓል ልዩነቱ በድምቀቱ ይዋጣል። በጾም አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲጥል ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያኔ መሪጌታውን እዩት። አይናገርም፤ አይቆጣም። መቋሚያው ዘግየት ሲል ሁሉም ይዘገያል። መቋሚያውን ሲያነሣ ሁሉም ያነሣል። ያ ሁሉ የትምህርት ቤት ክርክር በአንድ ዘንግ ጫፍ ይዳኛል።

ሆዱንም አትርሱት። በጾሙ የአዘቦት ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ሊቃውንቱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳይቀምሱ ያዜማሉ፤ በመካከሉም ይሰግዳሉ። እንዴት ይዘልቁታል? ቀኙና ግራው ሲቀባበሉ አይታችኋል አይደል? አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ወገን ትንፋሹን ይሰበስባል። ቅብብሉ ውበት ብቻ መስሏችሁ ነበር? ብልሃትም ነው። የበሰለ ዜመኛ ድምፁን አይገፋም፤ ጉልበቱን ለሠርኩ ያስቀምጣል። ጎረምሳው ግን በነግህ ያንባርቅና ቀትር ላይ ይሻክራል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ እርሱም ይማራል።

አንዲት የመጨረሻ ምስጢር። «ቅድስት ገባ፤ መጻጉዕ ደረሰ፤ ደብረ ዘይት ነው» ትላላችሁ። ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ያሉት የ8ቱ ሳምንታት ስሞች ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ የመጡ ናቸው። በዕለቱ ከሚዜመው ተነሥተው ነው የተሰየሙት። ቅኔ ማኅሌት ደጅ ደርሶ የማያውቅ ሰው እንኳ የጾሙን 55 ቀን የሚቆጥረው በመዘምራን ዜማ ነው!

ስለዚህ በሚመጣው ጾም እሑድን ብቻ አትጠብቁ። በአዘቦት ቀን ረፋዱ ላይ ግቡና ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ቀረብ ብላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ዓይናችሁን መቋሚያው ላይ አድርጉ። ከዚያ ቅብብሉን አዳምጡ። ጥቂት ቀን ከተመላለሳችሁ ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደሚከተል ራሳችሁ ትለያላችሁ። ድጓ ዐዋቂውን ስታገኙት ሲወጣ ጠብቁና «ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን» በሉት። በበዓል ይህን የሚለው ሰው ብዙ ነው። በጾም ጥቂት ነው፤ ድካሙ ግን የበረታው ያኔ ነው።